ስለ ኳንተም ግራቪቲና ስለሚደጋገም ዩኒቨርስ ስንከራከር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ፈረንጅ አራዳ ጓደኛችን ቤት ለቡና እንሰበሰባለን፣ አምስት ስድስት ሰው ነን፣ ሁለታችን ፊዚክስ ተምረናል ሌሎቹ ከዩቲዩብ ነው የሚከታተሉት፣ ወሬው አንዴ ከተነሳ ግን ከቢግ ባንግ በፊት ምን ነበር፣ ስትሪንግ ነው ልክ ወይስ ሉፕ (ስበትንና ኳንተምን ለማስታረቅ የሚሞክሩ ሁለት ተፎካካሪ ቲዎሪዎች ናቸው) እያልን የመግሪብ አዛን ይደርስብናል። ጅማ ደሞ ክረምት ላይ ዝናቡ ከያዘህ መውጫ የለም፣ ክርክሩ ይቀጥላል። ብዙ ቅዳሜ ምንም ሳንይዝ ተለያይተናል፣ ለምን ብዬ ሳስበው የምንሳሳተው እነዛኑ ስህተቶች ነው። እናንተም ጋ ካለ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሁለት ጥያቄን አንድ ማድረግ

ኳንተም ግራቪቲ ማለት የአንስታይን ስበትና የኳንተም ህግ እንዴት ይታረቃሉ የሚል ጥያቄ ነው። ዩኒቨርስ ይደጋገማል ወይ የሚለው ሌላ ነው። እኛ ጋ ግን አንዱ "የስትሪንግ ሰው ነኝ ስለዚህ መደጋገም አልቀበልም" ይላል፣ ሌላው "ሉፕ ልክ ስለሆነ ዩኒቨርስ ይደጋገማል" ይላል፣ ሁለቱም አልተገናኙም። ኤክፓይሮቲክ የሚባለው የዩኒቨርስ አጀማመር ሞዴል፣ ፊዚሲስቶቹ ስታይንሃርትና ቱሮክ በ2002 ወደ ሳይክሊክ (ወደሚደጋገም) ያሳደጉት ማለት ነው፣ በ2001 ሲወጣ መነሻው ራሱ የስትሪንግ ቲዎሪ ሐሳብ ነበር። በሉፕ በኩል ደሞ አሽቴካር፣ ፓውሎውስኪና ሲንግ የሚባሉ ፊዚሲስቶች በ2006 ባሰሉት መሰረት የሚሰበሰብ ዩኒቨርስ ጥግግቱ የፕላንክ ጥግግት (የኳንተም ስበት የሚገንበት እጅግ ከፍተኛ ጥግግት) 41 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ዩኒቨርስ ነጥሮ ይመለሳል። ግን አንዴ ነጠረ ማለት ሁሌ ይነጥራል ማለት አይደለም። ደሞ ያ ስሌት መጀመሪያ ዩኒቨርስን በጣም አቅልሎ፣ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚነሳው፣ ሙሉው የሉፕ ቲዎሪ እንደዛ ይላል ለማለት ገና ነው።

2. "ሳይክሊክ" የተባለውን ሁሉ አንድ ጆንያ ውስጥ መክተት

ብዙ ሰው ሳይክሊክ ሲባል ተስፋፍቶ፣ ተሰብስቦ፣ እንደገና ፈነዳ የሚል ነው የሚመጣለት። ፔንሮዝ የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ሞዴል ግን መሰብሰብ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ዩኒቨርስ ለዘላለም ይስፋፋል፣ መጨረሻ ላይ ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ሲጠፋ ትልቅና ትንሽ የሚለይበት መለኪያ ይጠፋል፣ ያ መጨረሻ ለሚቀጥለው ዘመን ቢግ ባንግ ይሆናል ነው የሚለው። ስለዚህ "ዩኒቨርስ እየፈጠነ ስለሚስፋፋ ሳይክሊክ ወድቋል" ስትል ፔንሮዝን አልነካኸውም።

3. ኢንትሮፒን መርሳት

ኢንትሮፒ የአንድ ነገር የመበታተንና የመዘበራረቅ ልክ ነው፣ በራሱ አይቀንስም። ለኔ ትልቁ ይሄ ነው፣ የገባኝም ቡና ላይ ነው። የቤቱ እናት አቦሉን ቀድተው ሲጨርሱ ጀበናው ላይ ውሃ ጨምረው መልሰው ጣዱት፣ አተላው እዛው ነው፣ አዲስ ቡና አልገባም። ቶናው ቀጠን ብሎ መጣ፣ በረካው ከሱ ቀጠነ። ዘግይቶ የመጣ ሰው እንኳ በረካውን ሲቀምስ ከሱ በፊት አቦል እንደተጠጣ ያውቃል፣ ማንም አይነግረውም። ቶልማን የሚባል ፊዚሲስት በ1930ዎቹ ስለሚደጋገም ዩኒቨርስ የጻፈው እንደዚሁ ዓይነት ነገር ነው። ኢንትሮፒ ከዙር ወደ ዙር ስለሚጠራቀም እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ይረዝማል፣ ወደ ኋላ ስትቆጥር ደሞ ዙሮቹ እያጠሩ እያጠሩ ይሄዳሉ፣ ስለዚህ መጀመሪያ የለውም ብለህ ያመለጥክ ሲመስልህ አቦሉ ከፊትህ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ።

መልስ የሚሰጡ አሉ። ስታይንሃርትና ቱሮክ ኢንትሮፒው አልጠፋም፣ በየዙሩ ቦታው በጣም ስለሚለጠጥ እኛ የምናየው አካባቢ ላይ ሳስቶ ነው ይላሉ። ፔንሮዝ ብላክ ሆሎች (ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው) ውጠውት ሲተኑ አብሮ ይጠፋል ይላል፣ ይሄ መረጃም እዛው ይጠፋል በሚል ላይ የቆመ ነው፣ ዛሬ ግን ብዙ ፊዚሲስቶች ብላክ ሆል ውስጥ መረጃ አይጠፋም ብለው ነው የሚያስቡት። ደሞ ቦርድ፣ ጉትና ቪለንኪን የሚባሉ ፊዚሲስቶች በ2003 ያረጋገጡት ቲዎረም አለ፣ በአማካይ እየተስፋፋ የመጣ ዩኒቨርስ ወደ ኋላ ያለገደብ አይዘረጋም የሚል፣ ይሄ የስታይንሃርትንና የቱሮክን ሞዴልም ይመለከታል። ሳይክሊክ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ይሄን ጠይቁት፣ አተላው የት ይሄዳል?

4. በአንድ ዜና መፍረድ

በ2010 ጉርዛድያን የሚባል ፊዚሲስትና ፔንሮዝ ቢግ ባንግ በተወው ጥንታዊ ብርሃን ላይ ካለፈው ዘመን የመጡ ክቦች አየን አሉ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ሌሎች ቡድኖች እንደዛ ዓይነት ክቦች በተለመደው ሞዴል በተሰራ ሲሙሌሽን ላይም እንደሚገኙ አሳዩ። በ2014 መጋቢት ደሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፣ ባይሴፕ2 የሚባለው ደቡብ ዋልታ ላይ ያለ የቴሌስኮፕ ቡድን የመጀመሪያውን ዘመን የስበት ሞገድ አሻራ አገኘን አለ፣ ኤክፓይሮቲክ ደሞ ያ ሞገድ እዚህ ግባ የማይባል ነው ስለሚል ሳይክሊክ ሞተ ተባለ። እኔ ራሴ ያኔ ሞቷል ብዬ ሰው አሳምኛለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። በ2015 ከፕላንክ ሳተላይት ዳታ ጋር ሲታይ ምልክቱን በአብዛኛው የሰጠው የኛው ጋላክሲ አቧራ ሆኖ ተገኘ። ይሄ ማለት ደሞ ሳይክሊክ አሸነፈ ማለት አይደለም፣ ሞገዱ አልታየም ማለት ብቻ ነው።

5. "መፈተን ስለማይቻል ሳይንስ አይደለም" ብሎ መዝጋት

ችግሩ እውነት ነው። የፕላንክ ርዝመት፣ የኳንተም ስበት ይታይበታል የሚባለው ርዝመት ማለት ነው፣ ከዜሮ ነጥብ በኋላ 34 ዜሮ ጽፈህ 16 የምታስከትልበት ሜትር ነው፣ እዛ ለመድረስ የሚያስፈልገው የፕላንክ ጉልበት ጋ ለመድረስ ደሞ ሴርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል) ያለው ትልቁ ማሽን ጉልበቱን ከ1 በኋላ 15 ዜሮ ያህል እጥፍ መጨመር አለበት። ግን ሰማዩ ራሱ ላቦራቶሪ ነው። በ2009 ፌርሚ ቴሌስኮፕ ከ7 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቀት የተነሳ የጋማ ጨረር ፍንዳታ አየ፣ አንዱ በጣም ጉልበተኛ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ፍንዳታው በተጀመረ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደረሰ። የብርሃን ፍጥነት በጉልበቱ መጠን ይለያያል የሚሉ አንዳንድ የኳንተም ግራቪቲ ሞዴሎች በዛች ሰከንድ መንገዱ ክፉኛ ጠበባቸው። ስለዚህ "አይፈተንም" ከማለት "የትኛው ሞዴል፣ በምን ይፈተናል" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

6. በደጋፊ ብዛት መከራከር

ስትሪንግ ላይ የሚሰራው ሰው ይበዛል፣ እሱ ማስረጃ አይደለም፣ ሉፕ ላይ ያሉት ማነሳቸውም ጀግንነት አይደለም።

7. እምነትን ዳኛ ማድረግ

ቤታችን ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፣ ይሄ ሲነሳ ድምጽ ከፍ ይላል። ለሜትር ቄስ ነበር፣ ዩኒቨርስ ከአንድ ነጥብ ተነሳ የሚለውን ሐሳብ ካመጡት ዋናው እሱ ነው፣ ሆኖም በ1951 ጳጳሱ ፒየስ 12ኛ ቢግ ባንግን ከፍጥረት ጋር ሲያያይዙት አልወደደውም፣ ቲዎሪዬ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጪ ነው ባይ ነበር። ቄሱ ራሱ ያልተጠቀመበትን እኛ ምን አድርጉ ተብለን ነው የምናመጣው?

ባለፈው ቅዳሜ በረካው ላይ ስንደርስ የዴዚ ዳታ ተነሳ፣ ዴዚ ጋላክሲዎችን እየለካ የዩኒቨርስን መስፋፋት የሚያጠና ፕሮጀክት ነው። በ2024ና በ2025 ያወጡት ውጤት ዳርክ ኢነርጂ (የዩኒቨርስን መስፋፋት የሚያፈጥነው ነገር) በጊዜ ብዛት እየደከመ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ አለው፣ ግኝት ለማለት የሚጠየቀው 5 ሲግማ የሚባል የእርግጠኝነት ደረጃ ግን አልደረሰም። የስታይንሃርትና የቱሮክ ዙር ደሞ እንዲዞር ዳርክ ኢነርጂ መድከም አለበት፣ የፔንሮዝ ግን እስከ መጨረሻው እንዳይጠፋ ይፈልጋል። አንድ ጆንያ ውስጥ ከተን የነበሩት ሁለቱ በአንድ ልኬት ሊለያዩ ነው ማለት ነው። የመግሪብ አዛን እስኪል ማንም ከቦታው አልተነሳም።