ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚሆን ብሮውዘር አመራረጥ

ብሮውዘር (ድረ ገጽ የሚከፍቱበትን ፕሮግራም) ከመምረጥዎ በፊት ስለ ፍጥነቱ የሚነገረውን ትተው የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ይመልከቱ፤ ራሙ (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው) 4 ጊጋባይት ብቻ በሆነ ላፕቶፕ ላይ ክሮም በተባለው ብሮውዘር ሃያ ታብ የከፈተ ሰው ማሽኑ ቢንቀራፈፍ ሊገረም አይገባም። ኦፔራና ብሬቭ የተባሉት ብሮውዘሮች፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ኤጅም፣ ከክሮም ጋር አንድ መሠረት ማለትም ክሮሚየም የተባለውን የጋራ ኮድ ስለሚጋሩ፣ በአንዱ በትክክል የሚታይ ድረ ገጽ በሌላውም ይታያል፤ ልዩነታቸው በአብዛኛው በተጨማሪ አገልግሎቶቻቸው ላይ ነው። ፋየርፎክስ ግን ጌኮ የተባለ፣ ድረ ገጹን አንብቦ የሚያሳይ የራሱ ሞተር ያለው ሲሆን፣ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ሳይቀር ዩብሎክ ኦሪጂንን የመሰለ ማስታወቂያ ከልካይ ስለሚቀበል፣ እኔ በበኩሌ ለንባብ የማስቀድመው እርሱን ነው። በአይፎን ግን ከስልኩ ጋር የሚመጣው ሳፋሪ በቂ ነው።

የሞባይል ዳታ ጥቅል ቶሎ የሚያልቅብዎ ከሆነ ኦፔራ ሚኒ ገጹን በራሱ ሰርቨር ጨምቆ ስለሚልክ ብዙ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በከፍተኛ የቁጠባ ስልቱ መረጃው በዚያው ሰርቨር በኩል ስለሚያልፍ፣ የባንክ ሒሳብዎን በዚህ መንገድ ባይከፍቱ ይመረጣል።

የመረጡትን ከጫኑ በኋላ በማስተካከያው ገብተው ዕልባቶችን (ያስቀመጧቸውን የገጽ አድራሻዎች) እና የይለፍ ቃሎችን ከቀድሞው ብሮውዘር ያስመጡ፤ የቀድሞውን ግን ዘወትር የሚጠቀሙባቸው ገጾች፣ በተለይም የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸው ቅጾች፣ በአዲሱ በትክክል መሥራታቸውን ሳያረጋግጡ አያጥፉ።