የቆየ ሞተርሆም ፍሬን ሲሻሻል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አርባ ዓመት ያለፈው ሞተርሆም (ውስጡ እንደ ቤት የተሠራ መኪና) ገዝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ቁልቁለት የወረደ ሰው፣ በማግስቱ የዲስክ ፍሬን (ከጎማው ጋር የሚዞር ዲስክን በሁለት ፓዶች መካከል ጨብጦ የሚያቆም ፍሬን) ዋጋ ማጠያየቁ አይቀርም። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። እነዚህ መኪኖች የተሠሩት በጭነት መኪና ወይም በቫን ሻሲ ላይ ነው፤ ፍሬናቸውም የዚያ ዘመን ፍሬን ነው። ችግሩ የሚጀምረው ፍሬንን አውልቀው በሌላ እንደሚተኩት አንድ ዕቃ ሲያስቡት ነው። ከፔዳሉ እስከ ጎማው ያለው ሁሉ አንዱ ለሌላው ተለክቶ የተሠራ በመሆኑ፣ አንዱን ሲነኩ የሌላውም ሥራ ይለወጣል። ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ያለውን ሳያድሱ ወደ አዲስ መሮጥ

ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ፍሬኑ ደካማ ነው የሚባል ሞተርሆም ጎማው ሲወልቅ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። ሸራው ለዓመታት ሳይስተካከል ቆይቶ ከውስጥ ሊጫነው ከሚገባው ታምቡር (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ከበሮ) ርቋል፤ ወይም ሸራውን የሚገፋው የጎማው ሲሊንደር ዝጎ በአንድ በኩል ብቻ ይገፋል፤ አለዚያም ከዲፈረንሻል ያመለጠ ዘይት ሸራውን አርሶታል። እንዲህ ያለውን ፍሬን ከአዲስ ዲስክ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው የፍሬን ፈሳሹን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ተጣጣፊ የላስቲክ ቱቦ ነው። ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በዕድሜ ብዛት አብጦ ቀዳዳው ጠቧል። ፔዳሉ ሲረገጥ ፈሳሹ በግፊት ሰብሮ ያልፋል፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ግን ለመመለስ አቅም ያጣል። በዚህ ምክንያት ያ ጎማ ፍሬን እንደያዘ ይቀራል፣ ይግላል፣ መኪናውንም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። አዲስ ካሊፐር (ፓዶቹን በዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ቢገጠምለትም ለውጥ የለውም። ለማረጋገጥ መኪናውን በክሪክ አንሥተው፣ ጎማው ተይዞ አልዞር ባለ ጊዜ መጀመሪያ ከቱቦው በላይ፣ በማስተር ሲሊንደሩ (የፔዳሉን ግፊት ወደ ፈሳሹ በሚያስተላልፈው ክፍል) በኩል ያለውን መጋጠሚያ በጥቂቱ ያላሉ። ጎማው ያኔ ካልተለቀቀ፣ ነገር ግን በጎማው በኩል ያለው የአየር ማስወጫ ቡሎን ሲላላ ወዲያው ከተለቀቀ፣ ጥፋተኛው ቱቦው ነው። ሁሉንም ቱቦዎች በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አንዱ ካረጀ ሌሎቹም አብረውት አርጅተዋል።

እግረ መንገድ አንድ ማሳሰቢያ፦ በድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ታምቡሩን ከፍተው አቧራውን በኮምፕረሰር አየር ፈጽሞ አይንፉት። አርጥበው በጨርቅ ይጥረጉት፤ አፍና አፍንጫዎንም ለደቃቅ ብናኝ በተሠራ ጭምብል ይሸፍኑ።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ መኪናውን ነድተው ይፍረዱ። በእኔ እምነት በደንብ የታደሰና በአግባቡ የተስተካከለ ታምቡር ለብዙ ባለቤቶች ይበቃል።

ክብደቱን በግምት መውሰድ

ፍሬን የሚሠራው ሥራ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፤ ስለዚህ ስሌቱ ከክብደት ይነሣል። 5,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተርሆም በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የያዘው ጉልበት 1.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ያው መኪና ከፍታው 300 ሜትር የሆነ ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት ደግሞ ወደ 14.7 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህም ከዘጠኝ ጊዜ በላይ ከ90 ተነሥቶ እስከ መቆም ፍሬን እንደመያዝ ነው። ከፊሉን ነፋሱ፣ ጎማውና ሞተሩ ይወስዱታል፤ የቀረው ዲስኩና ታምቡሩ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ዲስክ ሲመርጡ የሚመለከቱት ክብደቱን፣ ውፍረቱንና በመካከሉ አየር የሚያስተላልፍ መሆኑን ነው። ገጹ የተበሳሳ ዲስክ ለዓይን ያምራል፤ ከባድ መኪና ላይ ግን ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ስንጥቅ ይነሣበታል። ገጹ ድፍን የሆነውን ይምረጡ።

መኪናውን የሚመዝኑት የውኃ ጋኑን፣ ነዳጁን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ ዕቃውንና ተሳፋሪውን ሁሉ ጭነው፣ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ ነው። 200 ሊትር ውኃ ብቻውን 200 ኪሎ ግራም ነው። ምንም ዓይነት ፍሬን ቢገጥሙ በሻሲው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የክብደት ገደብ ከፍ አያደርገውም። ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ መውረድ አይቀርም።

ማስተር ሲሊንደሩን መርሳት

አዲሱ ካሊፐር ትልልቅ ፒስተኖች ካሉት ብዙ ፈሳሽ ይጠይቃል። የድሮው ማስተር ሲሊንደር ያን ማቅረብ ካቃተው ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይወርዳል። በተቃራኒው መጠኑን ያለልክ ማሳደግም ጉዳት አለው። የውስጥ ስፋቱ 25.4 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ28.6 ሚሊ ሜትር ቢተኩት፣ ፔዳሉ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ደስ ይላል፤ ግን በዚያው የእግር ጉልበት የሚገኘው ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። የጠነከረ ፔዳል የበረታ ፍሬን ማለት አይደለም። የካሊፐሩንና የማስተር ሲሊንደሩን ልክ አብረው አስልተው ይግዙ።

መኪናዎ አንድ የፈሳሽ መስመር ብቻ ያለው ከሆነ፣ ገንዘብዎን ከዲስክ በፊት ባለሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር ላይ ያውሉት። አንድ መስመር ብቻ ሲኖር የአንድ ቱቦ መፈንዳት አራቱንም ጎማ ያለፍሬን ያስቀራል። አሜሪካ ለአዳዲስ አውቶሞቢሎች ባለሁለት መስመሩን ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ነው፤ የጭነት ሻሲዎች ግን ከዚያም በኋላ ዘግይተዋል።

የእግርን ጉልበት የሚያግዘውን ሰርቮም ይፈትሹ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡና እንደረገጡ ሞተሩን ያስነሡ፤ ፔዳሉ በጥቂቱ ዝቅ ካላለ ሰርቮው ወይም የአየር መሳቢያ ቱቦው ችግር አለበት።

የድሮዎቹን ቫልቮች በቦታቸው መተው

ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ውጤቱ የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። ለታምቡር በተሠራ መስመር ላይ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም 0.7 ባር ያህል ግፊት ይዞ የሚያስቀር ትንሽ ቫልቭ ይኖራል፤ አንዳንድ ጊዜ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ስለተደበቀ ከውጭ አይታይም። ታምቡር ሸራውን የሚመልስ ጠንካራ ስፕሪንግ ስላለው ይህ ግፊት አይጎዳውም። ዲስክ ግን እንዲህ ያለ ስፕሪንግ የለውም። ያ ቫልቭ ከቀረ ፓዶቹ ዲስኩን ሳይለቁ ሲፈትጉ ውለው ያቃጥሉታል። ለዲስክ የሚሆነው 0.14 ባር ያህል የሚይዘው ነው፤ እሱም የሚያስፈልገው ማስተር ሲሊንደሩ ከወለል በታች ሆኖ ከካሊፐሮቹ ዝቅ ሲል ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ነው።

ሌላው የፊትና የኋላ ሚዛን ነው። ታምቡር ሲሽከረከር ሸራውን ይዞ ወደ ራሱ ስለሚስበው በትንሽ ግፊት ብዙ ይሠራል። ዲስክ ይህ እርዳታ ስለሌለው ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል። የኋላውን ወደ ዲስክ ለውጠው ወደ ኋላው ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚቀንሰውን የድሮ ቫልቭ ከተዉት፣ አዲሱ ዲስክ ከተጣለው ታምቡር ያነሰ ይሠራል። ቫልቩን ጨርሰው ካወጡት ደግሞ የኋላው ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ይቆለፍና (መዞሩን አቁሞ ይንሸራተትና) መኪናው ጭራውን ያዞራል። መፍትሔው በእጅ የሚስተካከል ቫልቭ ገጥሞ በሙከራ ልኩን ማግኘት ነው።

በአንዳንድ ቫን ላይ በተሠሩ ሞተርሆሞች ይህ ቫልቭ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ ተያይዞ፣ መኪናው በጭነት ዝቅ ባለ ቁጥር ለኋላው ፍሬን ግፊት ይጨምራል። ባለቤቱ ባሌስትራውን ካጠነከረ ወይም የአየር ከረጢት ጨምሮ ኋላውን ካነሣው፣ ቫልቩ መኪናው ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ ግፊቱን ይቀንሳል። ከባሌስትራ ሥራ በኋላ ዘንጉን እንደገና ማስተካከል ግድ ነው።

ፈሳሹንና የብረት ቱቦውን እንደ ትንሽ ነገር ማየት

ዶት 4 የተባለው የፍሬን ፈሳሽ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ውኃው 3.7 በመቶ ሲደርስ ግን ልኩ ወደ 155 ይወርዳል። የፈላ ፈሳሽ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ስለሚታመቅ እግርዎ ወለሉን ይመታል። ሞተርሆም ብዙ ወር ቆሞ ስለሚከርም ኪሎ ሜትሩን ትተው በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት። ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅሉ። ስሙ ቢመሳሰልም ዶት 5.1 ሌላ ዓይነት ነው።

ለብረት ቱቦ ንጹሕ መዳብ አይሆንም፤ በንዝረት ይሰነጠቃል። ኒኬል ያለበት መዳብ ወይም ለፍሬን የተሠራ ብረት ይጠቀሙ፤ ጫፉም ከመጋጠሚያው ዓይነት ጋር በትክክል ይግጠም።

የእጅ ፍሬኑን ሳይተኩ መቅረት

የኋላው ታምቡር ሲወጣ የእጅ ፍሬኑ አብሮ ይወጣል። አንዳንዶች በዚህ ፈንታ የተረገጠውን ግፊት ቆልፎ የሚይዝ ቫልቭ ይገጥማሉ። ይህ አደገኛ ነው። መኪናው ሲቆም ፍሬኑ ግሎ ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ፈሳሹም ብረቱም ይኮማተራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ውስጡ ሰው የተኛበት መኪና መንሸራተት ይችላል። በገመድ ወይም በዘንግ የሚሠራ እውነተኛ የእጅ ፍሬን ያለው ካሊፐር ካላገኙ የኋላውን ታምቡር እንዳለ ይተዉት።

ሳይሞክሩ ለጉዞ መነሣት

አዲስ ፓድና ዲስክ ገጻቸው እስኪላመድ ድረስ ሙሉ አቅማቸውን አይሰጡም። የፓዱ አምራች ያዘዘውን የማላመጃ ሥርዓት ይከተሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከመካከለኛ ፍጥነት ተነሥቶ በፍሬን ደጋግሞ ፍጥነትን መቀነስና በየመካከሉ ፍሬኑን ማቀዝቀዝ ነው። ፓዱ በጋለበት ሰዓት መኪናውን አቁመው ፔዳሉን ረግጠው አይቆዩ።

የቆለፋ ሙከራውን መኪና በሌለበት ሰፊ ሜዳ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ አንዴ በባዶው አንዴ በሙሉ ጭነት ያድርጉ። ከውጭ በአስተማማኝ ርቀት የቆመ ሰው የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆለፍ ይመልከት። የኋላው ከቀደመ የኋላውን ግፊት ቀንሰው ይድገሙት። ከዚያ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ዳብሰው እርጥበት እንደሌለ ይዩ፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላም የጎማ ዳዶዎቹን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ደግመው ያጥብቁ።