10ኛው ቀን ላይ ቆሞብኝ የነበረው ልብ ወለድ

በ30 ቀን 50,000 ቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ የተጀመረው የልብ ወለድ ፈተና ሂሳቡ ይሄ ነው፤ በቀን 1,667 ገደማ። እኔ በህዳር ያዝኩት። የኛ ወር ድፍን 30 ቀን ስለሆነ ይመቻል።

በ10ኛው ቀን 10,000 ላይ ነበርኩ። ከ16,000 ማለፍ ነበረብኝ። የቀረውን ሳስበው እጄ ዛለ። ማታ ላፕቶፑን እከፍታለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ እዘጋለሁ።

ችግሩ የገባኝ አንድ ቃል ላይ ነው። «አልነገረችኝም»። በአማርኛ አንድ ቃል። በእንግሊዝኛ አምስት ይወጣዋል! ለካ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ለብሼ ነበር የምሮጠው። ኮታዬን በቀን 1,000 አደረግኩት፣ በወሩ 30,000። ወደ ኋላም አልቀረሁም ማለት ነው። ያን ቀን ደረቴ ቀለለኝ።

ሰዓቱንም ቀየርኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ደብተር ይዤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር እወጣለሁ። አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ሲያራግፉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት ይጣልልን ብለው ተኮልኩለው ይቆማሉ። አንዱ ጫማዬ አጠገብ ድረስ መጥቶ አፈጠጠብኝ። እሱ በቀጥታ ምዕራፍ 4 ገባ።

በጣም የጠቀመኝ ግን ይሄ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ደብተሬን እዘጋለሁ። «ጀልባው ላይ ያለውን ሰው ስታየው...» ብዬ ተነሳሁ እንበል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሆኜ ቀጣዩ ውስጤ ይብሰለሰላል። በነጋታው ባዶ ገጽ አይጠብቀኝም።

ማታ ወደ ላፕቶፑ እገለብጣለሁ። መብራት ቢጠፋም ደብተሩ አለ። ህዳር 30 ጠዋት 30,240 ቃል ላይ ደረስኩ።