በችግር ጊዜ እንዴት እንጹም

ጎተራው ሲሳሳ በብዙ ቤት የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ድሮውንም የምንበላው ሳይኖር ምኑን እንጾማለን?» ጥያቄው አግባብ ነው። ሰው የሚጾመው ያለውን እንጂ ያጣውን አይደለም። ስለዚህ በድርቅ፣ በጦርነት ወይም ከቀዬ በመፈናቀል ጊዜ ከጾሙ በፊት ያለውን መቁጠር ይቀድማል። በቀን ስንት ጊዜ ይበላል? ምን ይበላል? ከቤተሰቡ ማን ታሟል፣ ማን አርግዛለች፣ ማን ታጠባለች? በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላ ሰው መጠኑን አይቀንስ። እሱ የሚያቀርበው ሰዓቱንና ጸሎቱን ነው፤ ጠዋት ይበላት የነበረችውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ያሻግራታል፣ እንጀራው ግን ያው ይሁን።

ይህን ቆጠራ ይዞ ጾሙ ሳይገባ ወደ ንስሐ አባት መሄድ ነው። «አባቴ፣ ልጹም ወይ?» ብቻ ተብሎ ከተጠየቁ የሚመልሱት «ጹም ልጄ» ነው። «መድኃኒት ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር እወስዳለሁ፤ ቀን ሙሉ ድንጋይ እሸከማለሁ» ሲባሉ ግን ሰዓቱን ይመጥኑልዎታል። የተፈናቀለ ሰው የራሱን አባት ባያገኝ በአቅራቢያው ያሉትን ካህን ያማክር።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀነሰው የፈቃድ ጾም ነው። ጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ ወቅቱ ደግሞ በብዙ የወሎ ወረዳ ያምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ገና ያልተሰበሰበበት ነው። አቅም ያነሰው ሰው ይህን ትቶ የታዘዙትን ሰባቱን አጽዋማት ቢይዝ ማንም አይወቅሰውም። የሚያሳዝነው ጽጌን በራብ ጾሞ ኅዳር 15 ላይ የነቢያት ጾም ሲገባ የሚወድቀው ነው።

ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም አይገደድም። የታመመ፣ አራስ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም እንዲሁ፤ እነዚህ በጾም ቀን ቢበሉ ነውር የለውም። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ ስሕተት የሚታይበት ነገር ፕላምፒነት ነው። ከጤና ጣቢያ ለተጎዳ ሕፃን የሚሰጠው ይህ ፓኬት ኦቾሎኒ፣ ስኳር፣ ዘይትና የወተት ዱቄት አለበት። አያት «ወተት አለው፣ ዛሬ ዓርብ ነው» ብለው የሚያስቀሩበት ቤት አለ፤ ለታላላቆቹ የሚያካፍሉበትም አለ። ሁለቱም ልጁን ይጎዳሉ። ፓኬቱ የታዘዘለት ልጅ መድኃኒት ነው፤ በስቅለት ዓርብም ቢሆን ሙሉውን እሱ ይብላ። በእርዳታ የሚታደለው የተደባለቀ ዱቄት፣ ፋሚክስም፣ አንዳንዱ ወተት አለበት፣ አንዳንዱ የለበትም። ለጤነኛ ጿሚ ከሆነ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሰዓት አይግፋ። ካላበው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ ሰዓት ሳይጠበቅ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይደረግ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ።

ሰዓቱን በተመለከተ የተለመደው፣ በዐቢይ ጾም እስከ 11 ሰዓት፣ በሌሎቹ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ነው፤ እንደየደብሩ ልዩነት ስላለ የአጥቢያውን ልማድ ይጠይቁ። ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጅ ሰው 18 ሰዓት ይጾማል። ብዙ ሰው የሚስተው ቅዳሜና እሑድን ነው። በእነዚህ ቀናት ጥሉላት (ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል) አይበላም እንጂ ከእህልና ከውሃ አይጾምም፤ ከዚህ የምትወጣው የፋሲካ ዋዜማዋ ቅዳሜ፣ ቀዳም ሥዑር፣ ብቻ ናት። «ጊዜው ክፉ ነው፣ እኔ ሰባቱንም ቀን እቆያለሁ» የሚለው ሰው ሥርዓቱ የሰጠውን እረፍት እየጣለ ነው፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጉልበቱ ሲከዳው ይታያል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት፣ በበዓለ ሃምሳም፣ ጾምና ስግደት የለም። ችግር ቢመጣ ጸሎቱ ይቀጥላል።

ቡና የለመደ ሰው ከጾሙ ሳምንት ቀደም ብሎ ይቀንስ። መጀመሪያ በረካውን፣ ቀጥሎ ቶናውን መተው፣ አቦሉንም ወደ ከሰዓት በኋላ ማዞር። በአንድ ጊዜ ከተተወ ራስ ምታቱ በአንድ ቀን ውስጥ ይጀምራል፤ ሰው ግን «ጾሙ አልተስማማኝም» ይላል። ጾም ከተፈታ በኋላም ቡናው ከምግቡ ጋር እንዳይገጥም፣ ምስርና ጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳልና አንድ ሰዓት ያህል ይዘግይ።

ሲፈታ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀስ ተብሎ። ቀጥሎ ለስላሳ ነገር፤ ለዚህ ሱፍን የሚያህል የለም። አንድ ኩባያ ሱፍ ለቅሞና አጥቦ፣ ልጣጩ እስኪለሰልስ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት። በሙቀጫ መውቀጥ። አራት ኩባያ ያህል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በትንሽ በትንሹ እያፈሰሱ በእጅ ማሸትና በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል። ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። ጨው፣ ቃሪያ ካለም ቃሪያ ጣል አድርጎ እንጀራ መፈትፈት። መቀቀሉ ቀርቶ በምጣድ የሚቆላ ከሆነ እሳቱ እንዳይበረታ፤ ያረረ ሱፍ ይመራል። ቆቦና ቃሉ ቆላ ላይ የተጠለለውን ማሳደር አይቻልም፣ በጠዋት ኮምጦ ይገኛል። ደላንታና መቄት ደጋ ላይ ሱፉ ከጠፋ በሶ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ስለ ሽሮ ግን ጠንከር ብለን እንናገራለን። ጓያ ዝናብ ሲያጥርም ስለሚያፈራ በክፉ ዓመት ሽሮው ሁሉ ጓያ ይሆናል። ዋና ምግብ ሆኖ ሁለትና ሦስት ወር ከተበላ እግር ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደ እግር ደግሞ አይመለስም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በየቀኑ የጓያ ሽሮ የሚበላ ቤት ፋሲካ ሲደርስ አደጋው ደጃፍ ላይ ነው ማለት ነው። «የሚጎዳው እንፋሎቱ ነው» የሚለው ወሬ ሰውን አዘናግቷል፤ ጉዳቱ ከመብላቱ ነው። መፍትሔው ጓያውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ እንደገና አፍልቶ ያንንም መድፋት፣ ከዚያ አድርቆ መፍጨት ነው። ይህ መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ከሚበላው ሁሉ ከአራት እጅ አንዱን እንዳይበልጥ፤ ቀሪው ማሽላ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ምስር ይሁን። የእርዳታ ክክ ካለ ከሽሮው ጋር ይፈጭ።

ቆላ ላይ በፀሐይ የሚያርስ ወይም የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ከባዱን ሥራ ከንጋት እስከ አራት ሰዓት ይጨርስ። ሽንቱ ከጠቆረ፣ ሲነሣ ካዞረው ውሃ ጠጥቶ ለንስሐ አባቱ ይንገር። ይህን ደብቆ መቀጠል በጎ ነገር ተደርጎ ይወራል፤ እኛ አንስማማም።

ጸሎቱ ደብሩ ምህላ ካወጀ ቀላል ነው፣ ከሕዝቡ ጋር መቆም ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከራቀ ወይም መንገዱ ከተዘጋ በቤት ይደረጋል። ዳዊት ያለው ሰው እንደ ቀኑ ይድገም፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። ዳዊቱ በሽሽት የጠፋበት ወይም ማንበብ የማይችል በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበል። ስግደቱን ንስሐ አባት ይወስናሉ፤ ጉልበቱ የደከመ ራሱን ዝቅ ያድርግ፣ ይበቃዋል።

ምጽዋቱ ሳይለይ ጾሙ አይሞላም፤ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 የሚለው ይህንኑ ነው። በተግባር፦ ቁርስ የቀረበት እያንዳንዱ ሰው በዚያው ጠዋት አንድ እፍኝ እህል በተለየ ዕቃ ያኑር። ማታ «ከተረፈ እንሰጣለን» ከተባለ አይተርፍም። እሑድ ዕቃው ለባሰበት ይሂድ፤ ለተፈናቃይ ጎረቤት፣ ለአረጋዊት። በቀን አንዴ የሚበላው ቤት ከዚህ ነፃ ነው፤ እንዲያውም ዕቃው ወደ እሱ ይምጣ።

ተቀባዩ ሙስሊም ከሆነ፣ ወሎ ላይ ይህ የዘወትር ነገር ነው፣ የሚጾምበትን ጊዜ ማየት ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ጀምረው ነበር። እንዲህ ሲገጥም የበሰለ ምግብ በቀን ከመውሰድ ደረቅ እህል መስጠት ወይም ለማፍጠሪያ ማድረስ ይሻላል።

ፋሲካ ሲደርስ ለአንድ ቀን ግብዣ ብሎ የእርሻ በሬ መሸጥ ወይም በወለድ መበደር አይገባም። ዶሮ ካለ ዶሮ፣ ከሌለ እንቁላል። በ55 ቀን ቅባት ያልለመደ ሆድ ቅቤና ሥጋ በአንድ ሌሊት ሲጫንበት ያስመልሰዋል፤ በመጀመሪያው ሌሊት ሁለት ሦስት ጉርሻ፣ የቀረውን ለቀትር። ከጾም አልፎ ለብዙ ቀን የምር የተራበ ሰው ካለ ደግሞ የጠገበ ማዕድ ላይ አይቀመጥ፤ በትንሽ በትንሹ አጥሚት እየሰጡ ጤና ጣቢያ ያድርሱት።