ፕሮሰስ ሲገደል፣ አልቆም ሲል እና የስህተት መልዕክት ሲያሳስት፦ ከምልክት እስከ መፍትሄ

በትዕዛዝ መስመር የሚሠራ ፕሮግራም ባልታሰበ ሰዓት ሲቆም ብዙ ሰው ቸኩሎ እንደገና ያስነሳዋል፤ በዚህም የሆነውን ነገር የሚናገረውን ዋና ማስረጃ፣ የመውጫ ኮዱን (ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚተወውን ቁጥር)፣ ሳያየው ያጠፋዋል። ሼሉ፣ ማለትም የምንጽፋቸውን ትዕዛዞች ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ የሚይዘው የመጨረሻውን ትዕዛዝ ኮድ ብቻ ስለሆነ ከማናቸውም እርምጃ በፊት የ$? ዋጋ መታየት አለበት። ባሽና መሰሎቹ ሼሎች በሲግናል (ለፕሮግራም በሚላክ አጭር ምልክት) የተገደለን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) የሚያሳውቁት በሲግናሉ ቁጥር ላይ 128 ደምረው ነው። ስለዚህ 130 ሲታይ ሲግናል 2፣ ማለትም ኮንትሮል-ሲ ሲጫኑ የሚላከው ሲግኢንት፣ ደርሷል ማለት ነው፤ 137 ሲግናል 9ን ወይም ሲግኪልን (አስገድዶ የሚገድለውን)፣ 139 ሲግናል 11ን ወይም ሲግሴግቪን (ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ሲነካ የሚላከውን)፣ 143 ደግሞ ሲግናል 15ን ወይም ሲግተርምን (እንዲቆም የሚጠይቀውን) ያመለክታል። 126 እና 127 ከሲግናል ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ የመጀመሪያው ፋይሉ ተገኝቶ ማስኬድ እንዳልተቻለ፣ ሁለተኛው ትዕዛዙ ጭራሽ እንዳልተገኘ ይናገራሉ።

«ኪልድ» ከሚል ቃል በቀር መልዕክት የለም፣ ኮዱም 137 ነው

ሲግኪል በፕሮግራሙ ሊያዝም ሆነ ችላ ሊባል የማይችል ሲግናል ስለሆነ ፕሮግራሙ አንዲት ቃል ለመጻፍ እንኳ ዕድል አያገኝም፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቃል የሚጽፈው ሼሉ ነው። ስለሆነም የፕሮግራሙን ሎግ ደጋግሞ ማንበብ ከንቱ ድካም ነው፤ ተገቢው ጥያቄ ሲግናሉን ማን ላከው የሚለው ነው። በሊኑክስ ላይ ላኪው ብዙውን ጊዜ ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮሰስ መርጦ የሚገድለው የከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ክፍል ሲሆን፣ የገደለውን ፕሮሰስ ስምና መለያ ቁጥር በከርነሉ ሎግ ስለሚመዘግብ በዲሜስግ ትዕዛዝ ማየት ይቻላል። ለኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሌላው ለይቶ ለሚያሠራ የታጠረ አካባቢ) የተመደበው የሜሞሪ ጣሪያ ሲሞላም በማሽኑ ላይ ገና ብዙ ነጻ ሜሞሪ እያለ ይኸው ይደርሳል። መፍትሄው ጣሪያውን ከፍ ማድረግ፣ ወይም በእኔ እምነት ከዚያ አስቀድሞ፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን በሞላ ወደ ሜሞሪ ከመጫን ይልቅ መስመር በመስመር እንዲያነብ ማስተካከል ነው። በከርነሉ ሎግ ምንም ካልተገኘ ላኪው ሌላ ፕሮሰስ ነው፤ ለምሳሌ በሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ሲስተምዲ አንድን አገልግሎት ለማቆም ሲግተርም ይልክና አገልግሎቱ ካልቆመለት፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር 90 ሰከንድ ጠብቆ ሲግኪል ያስከትላል።

ኮንቴይነሩን ለማቆም ሁልጊዜ 10 ሰከንድ ይፈጃል

ይህ ምልክት በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙዎች ግን የማሽኑ መዘግየት አድርገው ስለሚወስዱት ሳይታከም ይኖራል። ኮንቴይነሮችን የሚያሠራው ዶከር መጀመሪያ ሲግተርም ይልካል፤ ምላሽ ሲያጣ ከ10 ሰከንድ በኋላ በሲግኪል ይገድላል። በዚህ መንገድ የሚሞት ፕሮግራም ያልተጻፈ ዳታውን አያስቀምጥም፣ ጊዜያዊ ፋይሎቹን አያጠፋም፣ የከፈተውን ግንኙነትም በሥርዓቱ አይዘጋም።

መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ የማስነሻው ትዕዛዝ እንደ ተራ የጽሑፍ መስመር ስለተጻፈ የኮንቴይነሩ ፕሮሰስ ቁጥር 1 ሼሉ ሆኖ፣ የደረሰውን ሲግናል ለልጁ (እርሱ ላስነሳው ፕሮሰስ) ሳያስተላልፍ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው፤ ከርነሉ ለፕሮሰስ ቁጥር 1 ልዩ ጥበቃ ስለሚያደርግ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ሲግተርምን የሚቀበል ተግባር ካልመዘገበ ሲግናሉ እንዳልተላከ ይቆጠራል። ያው ፕሮግራም ከኮንቴይነር ውጭ ወዲያው የሚቆመውም ለዚህ ነው። ለመጀመሪያው መፍትሄው ትዕዛዙን በዝርዝር መልክ፣ በካሬ ቅንፍ ውስጥ መጻፍ፣ ወይም ማስነሻ ስክሪፕት የግድ ካስፈለገ በመጨረሻው መስመር ፕሮግራሙን በኤክሴክ፣ ማለትም ሼሉን በፕሮግራሙ በሚተካው ትዕዛዝ፣ መጥራት ነው። ለሁለተኛው ፕሮግራሙ ሲግተርምን እንዲቀበል ማድረግ፣ ያ ካልተቻለ ደግሞ ኮንቴይነሩን ዶከር በሚሰጠው የኢኒት አማራጭ (ሲግናል የሚያስተላልፍ ትንሽ ፕሮግራምን ፕሮሰስ ቁጥር 1 በሚያደርገው) ማስነሳት ያስፈልጋል።

በስክሪፕት ውስጥ ትራፕ (ሲግናል ሲደርስ ምን እንደሚደረግ የሚወስን ትዕዛዝ) ተጽፎም ምላሹ የሚዘገይ ከሆነ፣ ባሽ ትራፑን የሚያስፈጽመው ከፊት ለፊት የሚሠራው ትዕዛዝ ካለቀ በኋላ መሆኑን ያስታውሱ። ረጅሙን ሥራ ወደ ጀርባ ልከው በዌይት ይጠብቁት፤ ዌይት ሲግናሉ እንደደረሰ ይመለሳል፣ ትራፑም በዚያው ቅጽበት ይሠራል። ትራፑ ሲግናሉን ለልጁ ማስተላለፍ፣ ስክሪፕቱም ልጁ እስኪያልቅ ድረስ እንደገና መጠበቅ እንዳለበት አይዘንጉ።

ኮንትሮል-ሲ ተጭኖም የስክሪፕቱ ዙር ይቀጥላል

ኮንትሮል-ሲ ሲግኢንትን የሚልከው ከፊት ለፊት ላለው የፕሮሰስ ቡድን በሙሉ ስለሆነ ሲግናሉ ለስክሪፕቱም ለልጁም ይደርሳል። ባሽ ግን ልጁ እስኪያልቅ ይጠብቅና አሟሟቱን ይመረምራል፤ ልጁ በሲግኢንት ከሞተ እርሱም ይቆማል፣ ልጁ ሲግናሉን ይዞ በተራ የመውጫ ኮድ ከወጣ ግን ጉዳዩ እዚያው እንደተፈታ ቆጥሮ ወደ ቀጣዩ ዙር ያልፋል። ጥፋቱ እንግዲህ የስክሪፕቱ ሳይሆን የተጠራው ፕሮግራም ነው። ትክክለኛው አሠራር ፕሮግራሙ የሚያጸዳውን ካጸዳ በኋላ ሲግናሉን ወደ መደበኛ ጠባዩ መልሶ ያንኑ ሲግናል ለራሱ እንዲልክ ማድረግ ነው። ፕሮግራሙን መለወጥ ካልተቻለ በስክሪፕቱ ራስ ላይ በትራፕ ሲግኢንትን ይዞ መውጣት ይበቃል።

በኪል -9 (በሲግኪል) እንኳ አልሞት ያለ ፕሮሰስ

የፕሮሰሱን ሁኔታ በፒኤስ ትዕዛዝ ይመልከቱ፤ ሁኔታው በአንድ ፊደል ይገለጻል። ዜድ ከሆነ ፕሮሰሱ ቀድሞ ሞቷል፤ የቀረው ወላጁ የመውጫ ኮዱን እስኪቀበል የሚጠብቅ መዝገብ ስለሆነ የሚታረመው ወይም የሚቆመው ወላጁ ነው። ዲ ከሆነ ከርነሉ ውስጥ ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ ፋይል ሲስተም ምላሽ እየጠበቀ ነውና መጠገን ያለበት የሚጠበቀው ነገር ነው።

መልዕክቱ ፋይሉ የለም ይላል፣ ፋይሉ ግን አለ

ስክሪፕት ሲነሳ ከርነሉ የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ እዚያ የተጠቀሰውን አስተርጓሚ (ስክሪፕቱን የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ የጠፋው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። በዊንዶውስ የተቀመጠ ፋይል በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ተጨማሪ ምልክት ስለሚይዝ የአስተርጓሚው ስም ተበላሽቶ ይነበባል። የመስመር መጨረሻዎቹን ወደ ዩኒክስ አጻጻፍ መቀየር ችግሩን ይፈታዋል።

ስህተቱ ሎግ ውስጥ አልገባም፣ ወይም ስህተት እያለ ኮዱ 0 ነው

የስህተት መልዕክት የሚወጣው በመስመር 2 (ለስህተት በተለየው የውጤት መውጫ) ሲሆን > ብቻውን ወደ ፋይል የሚያዞረው መስመር 1ን (ተራው ውጤት የሚወጣበትን) ነው። 2>&1 (መስመር 2ን መስመር 1 ወደሚሄድበት የሚያዞረው) የሚጻፈውም ከፋይሉ ስም በኋላ እንጂ በፊት አይደለም፤ ሼሉ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚፈጽም፣ ቀድሞ ከተጻፈ መልዕክቱ ወደ ተርሚናሉ መሄዱን ይቀጥላል። በፓይፕ (የአንዱን ውጤት ለቀጣዩ በሚያቀብል ምልክት) የተያያዙ ትዕዛዞች ደግሞ የሚያሳውቁት የመጨረሻውን ኮድ ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው ቢወድቅም 0 ሊታይ ይችላል፤ በባሽ ፓይፕፌይል የተባለውን አማራጭ ማብራት ይህን ያስተካክላል። ይህ አማራጭ በርቶ ሳለ እንደ ሄድ (የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ እንደሚያሳየው ትዕዛዝ) ያለ አንባቢ ቀድሞ ሲወጣ የሚታየው 141 ግን ሲግፓይፕ (አንባቢ በሌለው ፓይፕ ላይ ለሚጽፍ ፕሮሰስ የሚላከው ሲግናል 13) ብቻ ነው፤ አንባቢው የሚበቃውን አንብቦ ጨርሷልና እንደ ውድቀት አይቆጠር።