ይታያል እንጂ አይሸጥም ነበር

ቤቴ የማዘጋጀውን በርበሬና ሽሮ የምሸጠው በቴሌግራም ቻናል ነው። ለወራት አንድ ነገር ሲያበሳጨኝ ከረመ። ከፖስቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት ብዙ ሰው እንዳየው ትናገራለች፤ የሚደውል ግን የለም።

አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ቻናሌን እንደ ገዢ ሆኜ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ዋጋ የለም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብያለሁ። በየትኛው ውስጥ መስመር? ተከታዩ አንብቦ ያልፋል እንጂ መልስ የሚጽፍበት ቦታ አልሰጠሁትም። ስልኬም ዩዘርኔሜም የትም የለም።

በየፎቶው ሥር የኪሎውን ዋጋ፣ ስልኬንና ዩዘርኔሜን ጻፍኩ። ሰው ለጓደኛው ፎርዋርድ ሲያደርገው መረጃው አብሮ ይሄዳል። ሰፈሬን፣ የማደርስባቸውን ቀናትና በቴሌብር መክፈል እንደሚቻል የሚናገር አንድ መልእክትም አናት ላይ ፒን አደረግኩ።

ከሁሉም ያደከመኝ ፎቶው ነው። ማታ በኩሽና አምፖል ሳነሳው በርበሬው የቡና አተላ ይመስል ነበር። ያን ያህል ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከኮረሪማና ከጥቁር አዝሙድ ጋር የተፈጨ በርበሬ እንዲህ መታየት የለበትም። አሁን ጠዋት በረንዳ ላይ፣ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ በፀሐይ ብርሃን አነሳዋለሁ፤ ቅላቱ እንዳለ ይወጣል። ወዲያው ግን አልለጥፈውም። የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጌ ይዤ ሰዓት እሞላለታለሁ፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆም ይደርሰዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት 7 ሰው ደወለ። አንዷ «ዋጋውን አይቼ ነው የደወልኩት» አለችኝ።