የነከሰ የቱርቦ ቡሎን ሳይቆረጥ እንዴት ይፈታል?

ያገለገለ ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ኃይል እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን ዕቃ፣ ገዝቶ ቤት መግባት ደስ ይላል። ደስታው ግን የመጀመሪያውን ቡሎን ለመፍታት እስክትሞክር ድረስ ነው። ቁልፉን ታስገባለህ፣ ትጫነዋለህ፣ ሸርተት ይልብሃል፣ አጎንብሰህ ስታየው ስድስት ጎን የነበረው ጭንቅላት ክብ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

እኔም ደርሶብኛል። ለፒካፔ ብዬ እዚሁ ድሬ ዳዋ አንድ ያገለገለ ቱርቦ ገዛሁ። ሻጩ «ማንም አልነካውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለዓመታት ማንም አልነካውም፣ ጣጣውም እሱ ነበር። በቁልፉ እጀታ ላይ የውሃ ፓይፕ ሰክቼ በግማሽ ሰዓት ሁለት ቡሎን ቆረጥኩ። የሦስተኛውን ጠርዝ በላሁት። አራተኛው ላይ ስደርስ የሰፈራችን ሽማግሌ መካኒክ ፓይፑን ከእጄ ቀማኝና «አቦ ተው፣ ጉልበትህን ለሌላ አቆየው» አለኝ። ሰውዬው ሙያውን የተማረው ከድሮው የባቡር ወርክሾፕ ሰዎች ነው፤ ድሬን በ1895 ዓ.ም. የወለዳት ባቡር ስለሆነ እንዲህ ዓይነት እጅ ያላቸው ሰዎች ዛሬም እዚህም እዚያም አይጠፉም። ከዚህ በታች የምነግርህ አብዛኛው ከእሱ ያየሁት ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚነክስ እወቅ። ቱርቦ ሁለት ቀንድ አውጣ የመሰሉ ጎኖች አሉት። አንዱ የጭስ ማውጫው በኩል ያለው ትኩሱ ጎን ነው፣ ካስት አይረን ነው። ሌላው አየር የሚስበው ቀዝቃዛው ጎን ነው፣ እሱ አሉሚኒየም ነው። ጭነት ይዞ ደንገጎን፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት፣ የሚወጣ ናፍታ መኪና የሚተፋው ጭስ 700 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ብረቱ በጋለ ቁጥር ይሰፋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ይኮማተራል፣ በየመሀሉ ዝገትና ጥላሸት ጥርሱ ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ ቡሎኑ በጉልበት አልጠበቀም፤ ተጋግሯል። የተጋገረ ነገር ደግሞ በመጎተት አይላቀቅም፣ ቀስ ብሎ መሰንጠቅ አለበት።

ቁልፍ ከመያዝህ በፊት በስልክህ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሳው። ከዚያ ሁለቱ ቀንድ አውጣዎችና መሀለኛው አካል የሚገናኙበት ላይ በመሮ ትንሽ ጭረት አድርግ። ስትገጥም አንግሉ ትንሽ ከተዛነፈ ቱቦዎቹ አይገጣጠሙልህም። የዘይት መግቢያና መውጫውን በንጹህ ጨርቅ ድፈን። ሞርሳ ላይ ስታስረው በትኩሱ ጎን ፍላንጅ (ቡሎን በሚገባበት ጠፍጣፋ ጠርዝ) እሰረው እንጂ በመሀል በሚዞረው ዘንግ ወይም ጫፎቹ ላይ ባሉት ክንፎች በኩል እንዳትሞክር። በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞር ዕቃ ነው፤ አንድ ክንፍ ከተጣመመ ቱርቦውን ሸጠህ ላስቲክ ጫማ ግዛበት።

አሁን በሽቦ ብሩሽ ቡሎኑን እስኪያበራ ድረስ አጽዳ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በጭንቅላቱ ላይ የተጋገረው ዝገት ቁልፉ እስከ ታች እንዳይገባ ያደርገዋል፣ ግማሽ የገባ ቁልፍ ደግሞ ጠርዝ ይበላል። ቁልፉም ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ (ጭንቅላቱን እንደ ኮፍያ የሚሸፍነው ቁልፍ) ይሁን። ባለ አሥራ ሁለቱ ጠርዙን ብቻ ስለሚይዝ ለደከመ ቡሎን ጠላት ነው። የጃፓን መኪኖች ላይ 8 ሚሊ ቡሎን ብዙ ጊዜ 12 ቁልፍ ነው የሚወስደው፣ የአውሮፓዎቹ ላይ 13። 13 ቁልፍ 12 ላይ «ገባልኝ» ብለህ እንዳትታለል።

ቀጥሎ ማራስ ነው። ዝገት የሚያላላ ስፕሬይ ካለህ እሱን። ከሌለህ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅለህ ተጠቀም፤ እሳት ግን በጣም ይወዳል፣ ሲጋራህን አርቅ። እሱም ካልተገኘ ነጭ ጋዝ ይሠራል፣ ብቻ ቀርፋፋ ነው። ድሬ ላይ ለዚህ ሥራ የተሰጠ ሰዓት አለን፦ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ፣ ፀሐይዋ ከተማውን የምትዘጋበት። ጠዋት አንዴ ንፋ፣ ሱቅ ሲዘጋ ደግመህ ንፋ፣ ምሳህን ብላ፣ በርጫ ካለህም ሂድ። ስትመለስ ሦስተኛ ንፋ። እኔ የቆረጥኳቸው ሁለቱ የረጠቡት አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ከዚያም ካልሆነ እሳት ነው፣ እዚህ ላይ ረጋ በል። በመጀመሪያ የነፋኸውን ሁሉ በደንብ ጥረግ፣ ሥራውንም ውጭ አድርገው። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ነክቶት ከሆነ ጨርሶ ሳይደርቅ እሳት አታስጠጋ፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲቃጠል ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፣ በዚህ ቀልድ የለም። አሉሚኒየሙን ጎን በጋዝ እሳት አትንካው፣ ሳይቀላ ነው የሚቀልጠው። ትኩሱ ጎን ግን እሳት የለመደ ስለሆነ ይችለዋል።

ማጋል ያለብህ የትኛውን ነው? ዳዶ ከሆነ ዳዶውን። ቡሎኑ ካስት አይረኑ ውስጥ የተሰካ ከሆነ ደግሞ በዙሪያው ያለውን አካል። ዓላማው ቀዳዳው ከቡሎኑ ቀድሞ እንዲሰፋ ነው። ጠቆር ያለ ቀይ መሆን ሲጀምር እሳቱን አንሳ። አሁን የሽማግሌው ብልሃት ይመጣል። ከኪሱ ጧፍ አወጣ፣ አዎ፣ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ። ቅላቱ እስኪጠፋ ጠበቀና ጫፉን ቡሎኑ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ላይ አስነካው። ሰሙ ቀለጠ፣ ትንሽ ጨሰ፣ ከዚያ እንደ ውሃ ወደ ጥርሱ ውስጥ ሰረገ። ዓይኔ እያየ ነው የተዋጠው። ሻማም ያው ነው። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመው፣ ሲያግል ሲያቀዘቅዝ፣ ሲያግል ሲያቀዘቅዝ።

ለመፍታት ስትነሳ መጀመሪያ ጭንቅላቱን በመዶሻ ቀጥ አድርገህ ሦስት አራት ጊዜ ምታው፤ ሳትፈራ፣ ግን ሳትጨፈልቀው። ከዚያ አትፍታው፣ በጥቂቱ አጥብቀው! የፀጉር ያህል ከተነቃነቀ ዝገቱ ተሰንጥቋል ማለት ነው። አሁን ወደ መፍቻው ሩብ ዙር፣ መልሰህ ወደ ማጥበቂያው የዙር አንድ ስምንተኛ፣ ዘይት ጠብ አድርግ፣ ድገም። ጭንቅላቱ ላይ በጠመኔ መስመር ካሰመርክ ነገሩን ታየዋለህ። «ሲጥ» የሚል ድምፅ መልካም ነው፣ እየተፈታ ነው። መስመሩ እየዞረ ድምፅ ከሌለውና እጅህ ላይ እንደ ላስቲክ ከለሰለሰ ግን ቁም! ያ ቡሎን እየተፈታ ሳይሆን እየተጠመዘዘ ነው፣ ቀጥሎ የምትሰማው «ጧ» ነው። ወደ እሳቱ ተመለስ።

ጠርዙ ለተበላ ቡሎን ደግሞ ከቀላሉ ጀምር። ቦታ ካለ ሁለት ትይዩ ጎን በሞረድ አውጣለትና ያነሰ ቁልፍ አስገባበት። ካልሆነ ትንሽ የምታንስ አሮጌ ቡሶላ በመዶሻ ምታበት፦ ለተበላ 13 ቁጥር የግማሽ ኢንች ቡሶላ 12.7 ሚሊ ስለሆነች ልክክ ብላ ትነክሳለች። አዲሷን ቡሶላ ለዚህ አታበላሽ፣ ምናለሽ ተራ ከሚሸጡት አንድ ፈልግ። ግሪፕ ፒንሳም ይሠራል፣ ግን አንዴ ከተንሸራተተ ለሌላው ዘዴ የሚቀረውን ጠርዝ ይጨርሰዋል።

ይህ ሁሉ እምቢ ካለ የኔ ምርጫ ብየዳ ነው። ዚንክ ያልተቀባ ዳዶ በተበላው ጭንቅላት ላይ አስቀምጥና በያጁ ከውስጥ በኩል ይሙላው። የማሽኑን አሉታዊ መያዣ ቱርቦው ላይ፣ ከቡሎኑ ራሱ አጠገብ እሰር። ሩቅ ካሰርከው ኤሌክትሪኩ በዘንጉና በመሀሉ ማስዞሪያ አልፎ ይበላዋል። መኪናው ላይ እንዳለ አታበይድ፣ አውርደው። ከተበየደ በኋላ ቅላቱ እስኪጠፋ ብቻ ጠብቅና አዙረው። የእኔ ሦስተኛው ቡሎን በዚህ ወጣ፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶታል።

የተቆረጠውስ? ጭንቅላቱ ብቻ ከተቆረጠ አትደንግጥ። ሌሎቹን ፍታና ቀንድ አውጣውን ከመሀለኛው አካል ለያይ፣ በአንድ በኩል እየፈለቀቅክ ሳይሆን ዙሪያውን በየተራ በመዶሻ እጀታ እየቀጠቀጥክ፤ ካጋደለ ክንፎቹን ይቧጭራል። ከተለያየ በኋላ የሚቀረው ጉቶ የሚያስጨንቀው ነገር ስለሌለ ብዙ ጊዜ በብየዳ ወይም በግሪፕ ይወጣል። ከላዩ እኩል ተቆርጦ ከሆነ መሀሉን በሹል ብረት ነጥብ አድርግ፣ በ3 ሚሊ ፑንታ ጀምር፣ ዘይት እያጠጣህ ቀስ ብለህ አሳድግ። ለ8 ሚሊ ቡሎን፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ከሆነ፣ የመጨረሻው ፑንታ 6.8 ነው፤ ከዚያ በጥርስ ማውጫ ታጸዳዋለህ። እኔ የመጀመሪያዋን ነጥብ ስቼ ፑንታው ወደ ጎን ሸሸብኝ፣ ለዚያች አንድ ሚሊ ስህተት ቶርኖ ቤት የከፈልኩትን አልነግርህም። ሱቅ የሚሸጡትን ቡሎን ማውጫዎች ደግሞ በጣም አትመናቸው። ውስጥ ከተሰበሩ ከፑንታው ስለሚጠነክሩ በስተህ አታወጣቸውም።

ስትገጥም አሮጌ ቡሎን አትመልስ። አዲስ፣ ለሙቀት የሚሆን ግዛ፣ ጥርሱ ላይ የመዳብ ግሪስ ቀባ፤ ተራ ግሪስ ትኩሱ ጎን ላይ ተቃጥሎ መልሶ ይጋገራል። በአየር መሳቢያው በኩል ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ዳዶ ግን ተዋት። ብዙ ቱርቦ ላይ ጥርሷ ግራ ነው፣ ብትፈታትም ባላንሱን ነው የምታበላሸው። ሞተር ከማስነሳትህ በፊት በዘይት መግቢያው ንጹህ የሞተር ዘይት ጨምርና ዘንጉን በጣትህ አሽከርክረው፣ ዘይቱ በታች በኩል ጠብ እስኪል።